እንስሳት በየትኛው ዓይናቸው ይተያያሉ? የአንጐል የግራና የቀኝ የሥራ ክፍፍል እና ለትምህርት ቤት የሚሰጠው ጥቅም

መግቢያ

በአማርኛ አነጋገር ግራና ቀኝ የሚሉት ቃላት ብዙ ትርጉም ተሸክመዋል። ዳኛ ፍርድ ከመስጠቱ በፊት ግራ ቀኙን ይሰማል፤ መላው የጠፋበት ሰው ግራ ገባኝ ይላል፤ የቅርብ ረዳትና ታማኝ ሰው ደግሞ ቀኝ እጅ ይባላል። በማዕድ ላይ በግራ እጅ መጉረስ እንደ ነውር ይቈጠራል። ከዚህም የተነሣ ግራኝ ሆኖ የተፈጠረ ልጅ በቤቱ በተግሣጽ፣ በትምህርት ቤትም በማስገደድ እርሳሱን ከግራ እጁ ወደ ቀኝ እጁ እንዲያዛውር የሚደረግበት ጊዜ አለ።

ይሁን እንጂ የግራና የቀኝ ልዩነት የአነጋገርና የልማድ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ዶሮ፣ በግ፣ ላም፣ ፈረስ፣ ውሻና ጭላዳ እርስ በርሳቸው ሲተያዩ፣ ሲጣሉና ሲተዋወቁ፣ ሁለቱን ዓይኖቻቸውን በእኩልነት እንደማይጠቀሙ ካለፈው የ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ የተደረጉ ምርምሮች አረጋግጠዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም የነዚህን ምርምሮች ዋና ዋና ውጤቶች ማብራራት፣ በአገራችን ተራሮች የሚኖረው ጭላዳ በዚህ ረገድ የሰጠውን ማስረጃ ማሳየት፣ እንዲሁም በይርጋጨፌና በመሰል አካባቢዎች የሚያስተምሩ የሳይንስ መምህራን ከዚህ ዕውቀት ምን ሊጠቀሙ እንደሚችሉ ማመልከት ነው።

ይርጋጨፌ እንደ ምሳሌ የተመረጠችው ያለምክንያት አይደለም። በጌዴኦ ዞን የሚገኘው የገበሬ ቤት በእንሰት፣ በቡና እና እንደ ዋንዛና ብርብራ ባሉ የጥላ ዛፎች የተከበበ ነው። ይህ የእርሻ ሥርዓት የተመሠረተበት የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። የሕዝቡ ቍጥር ብዙ፣ የግጦሽ መሬቱ ግን ጥቂት በመሆኑ፣ በጉና ላሟ በአብዛኛው በቤት አጠገብ ታስረው ይቀለባሉ፤ ዶሮዎቹም በደጅ ይጭራሉ። ስለዚህ የይርጋጨፌ ተማሪ ለዚህ ትምህርት የሚያስፈልጉት እንስሳት በጓሮው ይገኛሉ ማለት ነው። የሚቀረው በሥርዓት መመልከትን መማር ብቻ ነው።

የአንጐል ሁለት ክፍሎች

የሰውም ሆነ የሌሎች የጀርባ አጥንት ያላቸው እንስሳት አንጐል በግራና በቀኝ በሁለት ይከፈላል። በሰውና በአብዛኞቹ አጥቢ እንስሳት ሁለቱ ክፍሎች ወፍራም በሆነ የነርቭ ድልድይ የተገናኙ ናቸው። የአንጐል ግራ ክፍል በአብዛኛው የሰውነትን ቀኝ ጐን፣ ቀኝ ክፍሉ ደግሞ የሰውነትን ግራ ጐን ያዛል።

ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ እ.ኤ.አ. በ1861 ንግግር ያጣ በሽተኛን አንጐል መርምሮ ጕዳቱ በግራው ክፍል እንደሚገኝ ባስታወቀ ጊዜ፣ የሁለቱ ክፍሎች ሥራ አንድ ዓይነት አለመሆኑ ታወቀ። ከመቶ ዓመት በኋላ አሜሪካዊው ሮጀር ስፔሪ የነርቭ ድልድዩ ስለተቆረጠላቸው ሕሙማን ባደረገው ጥናት ዕውቀቱን አስፋፋ፤ ስለዚህም ሥራው እ.ኤ.አ. በ1981 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ። እስከዚያ ድረስ ግን ብዙዎች ሊቃውንት ይህ የሥራ ክፍፍል ቋንቋ ያለው የሰው ልጅ ብቻ መለያ ነው ብለው ያምኑ ነበር።

ይህ እምነት ከ1970ዎቹ ጀምሮ ፈረሰ። እ.ኤ.አ. በ1971 ፈርናንዶ ኖተቦም የአንዲት ዘማሪ ወፍ ዜማ በአመዛኙ በግራው ነርቭ እንደሚታዘዝ አሳየ። በአሥር ዓመቱ መጨረሻ ደግሞ በአውስትራሊያ ሌስሊ ሮጀርስና የሥራ ባልደረባዋ የጫጩት አንጐል ግራና ቀኝ ክፍሎች የተለያየ ተግባር እንዳላቸው አረጋገጡ። ዛሬ ይኸው ክፍፍል በዓሣ፣ በእንቁራሪት አስተኔ፣ በገበሎ አስተኔ፣ በወፍና በአጥቢ እንስሳት ሁሉ ታይቷል።

በዚህ ላይ የዓይንን አሠራር መረዳት ያስፈልጋል። እንደ ዶሮ ያሉ ዓይኖቻቸው በራስ ግራና ቀኝ የተቀመጡ እንስሳት አንዱን ነገር በአንድ ዓይን ብቻ ለማየት ይችላሉ። በወፎች ከእያንዳንዱ ዓይን የሚነሣው የነርቭ ጭረት ሁሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ወደ ተቃራኒው የአንጐል ክፍል ይሻገራል፤ በበግና በፈረስም የሚሻገረው እጅግ የሚበዛው ነው። ስለዚህ ዶሮ በግራ ዓይኗ ስትመለከት የምትሠራው በአብዛኛው በአንጐሏ ቀኝ ክፍል ነው። በሰው፣ በዝንጀሮና በጭላዳ ግን ሁለቱም ዓይኖች ወደ ፊት ስለሚያዩ የተለየ ሥርዓት አለ። በእነርሱ ዘንድ ወሳኙ ዓይኑ ሳይሆን የሚታየው ነገር ያለበት ወገን ነው፤ ከፊታቸው በስተግራ ያለው ነገር ሁሉ፣ በየትኛውም ዓይን ቢታይ፣ በቅድሚያ ወደ አንጐል ቀኝ ክፍል ይደርሳል።

ከጫጩት የተገኘ ትምህርት

ስለ ግራና ቀኝ ዓይን ከሁሉ ይልቅ የሚታወቀው ከጫጩት ነው። እንቁላል ተታቅፎ በ21ኛው ቀን ገደማ ይፈለፈላል። በመጨረሻዎቹ ቀናት ጫጩቱ በቅርፊቱ ውስጥ የሚተኛው ራሱን ወደ አንድ ወገን አዙሮ ነው፤ ግራ ዓይኑ በገዛ ሰውነቱ ይሸፈናል፤ ቀኝ ዓይኑ ግን ወደ ቅርፊቱ ይመለከታል። እናቲቱ ለመብላትና ለመጠጣት ከእንቁላሎቿ በምትነሣበት ጊዜ በቅርፊቱ በኩል የሚያልፈው ብርሃን የሚደርሰው ለቀኙ ዓይን ብቻ ነው።

ሌስሊ ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ1982 እንዳሳወቀችው፣ ለአንዳንዶቹ የዓይን ተግባሮች የግራና የቀኝ ልዩነት መንስዔው ይህ ትንሽ ብርሃን ነው። በጨለማ የተፈለፈሉ ጫጩቶች በነዚህ ተግባሮች ልዩነቱ አይታይባቸውም። ከዚህም አልፎ በሌላ ሙከራ ቀኝ ዓይኑ ተሸፍኖ ግራ ዓይኑ ብርሃን እንዲያገኝ በተደረገ ጊዜ የሥራው ክፍፍል ተገለበጠ። ይህ ለመምህር ትልቅ ቁም ነገር አለው። ከዘር የሚወረሰው የጫጩቱ አተኛኘት ሲሆን፣ ከአካባቢው የሚመጣው ደግሞ ብርሃኑ ነው፤ ሁለቱ ሲገናኙ የአንጐል ባሕርይ ይወሰናል። «ከተፈጥሮ ነው ወይስ ከአስተዳደግ?» ለሚለው የተለመደ ጥያቄ ከዚህ የቀለለ ማስረጃ በቀላሉ አይገኝም።

ታዲያ ክፍፍሉ ምን ይመስላል? ጫጩት በቀኝ ዓይኑ ሲመለከት ጥሬን ከጠጠር ለይቶ በመልቀም ይበልጣል። በግራ ዓይኑ ሲመለከት ደግሞ የሚያውቀውን ጓደኛ ከባዕድ ጫጩት ይለያል፤ በቀኝ ዓይኑ ብቻ እንዲያይ ከተደረገ ግን ይህን ለመለየት ይቸግረዋል። ጭልፊት በሰማይ ሲያንዣብብ ቀድሞ የሚያነቃውም የግራ ዓይኑ ነው። በአጭሩ ቀኝ ዓይን «ይህ ምንድን ነው? ይበላል ወይስ አይበላም?» ብሎ ይመድባል፤ ግራ ዓይን ደግሞ «ይህ ማን ነው? ያስፈራል ወይስ አያስፈራም?» ብሎ ይመረምራል ለማለት ይቻላል።

ይህ ለኑሮ ምን ይጠቅማል? ሮጀርስ፣ ዙካ እና ቫሎርቲጋራ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት በብርሃን የተፈለፈሉና በጨለማ የተፈለፈሉ ጫጩቶችን አወዳደሩ። ጫጩቶቹ በአንድ በኩል በጠጠር መካከል የተበተነ ጥሬ እየለቀሙ፣ በሌላ በኩል ከበላያቸው የሚያልፍ የአዳኝ ወፍ አምሳል መጠበቅ ነበረባቸው። ሁለቱን ሥራ በአንድነት በመፈጸም የበለጡት በብርሃን የተፈለፈሉት፣ ማለትም የአንጐላቸው ሥራ የተከፋፈለው ናቸው። ሌሎቹ ግን አንዱን ሲያስቡ ሌላውን ይዘነጉ ነበር። በይርጋጨፌ ጓሮ ከቡና ሥር የምትጭረው ዶሮም ቀኑን ሙሉ የምትፈጽመው ይህንኑ ድርብ ሥራ ነው።

በማኅበራዊ ኑሮ ረገድም ልዩነት ታይቷል። ዶሮዎች በመካከላቸው የበላይና የበታች ሥርዓት እንዳላቸው የሚያረባቸው ሰው ሁሉ ያውቃል፤ አንዷ ሌላዋን ትነቁራለች፤ የተነቈረችውም ቦታ ትለቃለች። እ.ኤ.አ. በ1989 የታተመ ጥናት፣ በብርሃን የተፈለፈሉ ጫጩቶች በሚኖሩበት ጕባዔ ይህ ሥርዓት የጸና እንደሚሆን፣ በጨለማ የተፈለፈሉት ጕባዔ ግን ተራው ቶሎ ቶሎ እንደሚለዋወጥ አሳይቷል። ጓደኛን ለይቶ ማወቅና ተራን መጠበቅ በአንጐል የሥራ ክፍፍል ላይ የተመሠረቱ መሆናቸውን ይህ ያመለክታል።

የጭላዳ ጠብ

ጭላዳ በጌዴኦ አይገኝም። መኖሪያው የሰሜን ተራሮች፣ መንዝና ሌሎች የመካከለኛና የሰሜን ኢትዮጵያ ገደሎች ናቸው፤ በአርሲም በዋቢ ሸበሌ ሸለቆ የሚኖሩ መኖራቸው እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመ ጥናት ተገልጿል። ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር የማይገኝ በመሆኑና ኑሮው በማኅበር ስለሆነ የብዙ ተመራማሪዎችን ትኩረት ስቧል። ሮቢንና ፓትሲ ደንባር የተባሉ ባልና ሚስት ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በሰሜን ተራሮች ያደረጉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1975 በመጽሐፍ ታትሟል።

የጭላዳ መንጋ ብዙ መቶ ቢሆንም የተሠራው ከትንንሽ ቤተሰቦች ነው። በአንዱ ቤተሰብ አንድ ጐልማሳ ወንድ፣ ጥቂት ሴቶችና ግልገሎቻቸው ይኖራሉ። ቤተሰብ የሌላቸው ወንዶች በቡድን እየዞሩ ባለቤቱን ወንድ ለማስለቀቅ ይሞክራሉ። በዚህ ጊዜ የሚታየው ጠብ በአመዛኙ የምልክት ጠብ ነው። ወንዱ የላይኛውን ከንፈሩን ወደ አፍንጫው ገልብጦ ጥርሱንና ድዱን ያሳያል፤ ቅንድቡን ወደ ላይ ስቦ ነጣ ያለውን የዓይን ሽፋኑን ይገልጣል፤ ይሮጣል፤ ይጮኻል። ወደ ንክሻ የሚደርሰው ጥቂቱ ነው። ስለዚህ የተቀናቃኙን ፊት በፍጥነት አንብቦ መገስገስ ወይም መሸሽ ለጭላዳ ከፍተኛ ጥቅም ያለው ችሎታ ነው።

ጁሊያ ካስፐርድና ሮቢን ደንባር እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት፣ ጐልማሳ የጭላዳ ወንዶች በጠብ ጊዜ ተቀናቃኛቸውን በየትኛው ወገን አድርገው እንደሚመለከቱ መረመሩ። ሲጣሉ፣ ሲዛዛቱና ሲቀራረቡ ተቀናቃኛቸውን ከቀኝ ይልቅ በግራ ወገናቸው እያዩ መገኘታቸው ተረጋገጠ። በግራ የታየው ፊት በቅድሚያ የሚደርሰው ወደ አንጐል ቀኝ ክፍል በመሆኑ፣ ስሜትን ከፊት ላይ የማንበብ ሥራ በጭላዳም እንደ ሰው ሁሉ በቀኙ ክፍል እንደሚመራ ተመራማሪዎቹ ደመደሙ። ጫጩት በግራ ዓይኗ ባዕድን ትለያለች፤ ጭላዳ በግራ ወገኑ ተቀናቃኙን ይመዝናል። በዘር ሐረግ እጅግ የተራራቁ ሁለት እንስሳት በአንድ መንገድ መሄዳቸው የዚህ ክፍፍል ምንጭ ጥንታዊ መሆኑን ይጠቁማል። ጉርጥ እንኳ ሳይቀር በዚህ ይመሰክራል፤ ለጠብ ምላሱን በሌላ ጉርጥ ላይ የሚወረውረው ተቀናቃኙ በግራው ሲሆን ነው፤ ለመብላት የሚወረውረው ግን ትሉ ወይም ነፍሳቱ በቀኙ ሲታይ እንደሚበዛ እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ ጥናት አሳይቷል።

በጉ፣ ላሟና ውሻው

ከተራራው ወደ ደጁ ሲመለሱ ማስረጃው አይጠፋም። በእንግሊዝ አገር የኪት ኬንድሪክ የምርምር ቡድን በግ የሌሎች 50 በጎችን ፊት ለይታ እስከ 2 ዓመት ድረስ እንደምታስታውስ እ.ኤ.አ. በ2001 አስታውቋል። በግ የሚያውቃትን በግ ፊት ስትለይ የበለጠ የምትመካው በግራ ወገን በሚታያት የፊት ክፍል፣ ማለትም በአንጐሏ ቀኝ ክፍል መሆኑም በዚሁ ቡድን ተጠንቷል። በግን ማስተዋል የጐደለው እንስሳ አድርጎ መቍጠር ስሕተት መሆኑን ይህ ይመሰክራል።

በአውስትራሊያ ሮቢንስና ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት ደግሞ አንድ ሰው እንግዳ ዕቃ ይዞ በከብት መንጋ መካከል ቀጥ ብሎ እንዲያልፍ ተደረገ። ከብቶቹ ለሁለት ተከፍለው እያሳለፉት ሲሄዱ፣ በመጀመሪያ እንግዳውን በግራ ዓይናቸው ለማየት በሚያመች ወገን ተሰለፉ። ነገሩ ተደጋግሞ ከተለማመዱት በኋላ ግን በቀኝ ዓይናቸው ማየትን መረጡ። እንግዳና አስጊ የነበረው የታወቀ ሲሆን ከአንጐል ቀኝ ክፍል ወደ ግራው ተዛወረ ማለት ነው። በፈረሶችም ሰውን ከቀኝ ይልቅ በግራ ዓይን የመመልከት ዝንባሌ ተገኝቷል።

የእናትና የልጅ ግንኙነት ከሁሉ ይልቅ ትኩረት ይገባዋል። ካሪና ካሬኒና እና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት 11 የየብስና የባሕር አጥቢ እንስሳትን ተመለከቱ፤ ከነዚህም ፈረስ፣ የዱር በግ፣ ካንጋሩና ዓሣ ነባሪ ይገኙበታል። ግልገሉ እናቱን ተከትሎ ሲሄድ እናቱ በግራው እንድትታይ አድርጎ መሄድን ይመርጣል። ይህም ማለት ግልገሉ የሚሄደው ከእናቱ በስተቀኝ ነው። የሰው እናቶችም ሕፃንን በክንዳቸው ሲያቅፉ አብዛኞቹ በግራ እንደሚያቅፉ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል። በጀርባ የታዘለ ሕፃን ግን ለዚህ ምርመራ አይመችም፤ መታየት ያለበት በክንድ የታቀፈው ነው።

ውሻን በተመለከተ ማስረጃው የሚገኘው ከጅራቱ ነው። በኢጣሊያ እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ ጥናት 30 ውሾች ጌታቸውን ሲያዩ ጅራታቸውን ወደ ቀኝ አብዝተው ወዘወዙ፤ የማያውቁትን ኀይለኛ ውሻ ሲያዩ ደግሞ ወደ ግራ አዘነበሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 የተደረገው ተከታይ ጥናት ከዚህ ይልቃል፤ የሌላ ውሻ ጅራት ወደ ግራ ሲወዘወዝ ያዩ ውሾች የልብ ትርታቸው ጨመረ፤ የፍርሃት ምልክትም አሳዩ። የአንዱ አንጐል ግራና ቀኝ ለሌላው እንደ ምልክት ያገለግላል ማለት ነው።

አብዛኞቹ ስለ ምን ወደ አንድ ወገን ያዘነብላሉ?

ለአንዱ እንስሳ ለብቻው የሚጠቅመው ሥራው በሁለት መከፈሉ ነው፤ ለግራው የትኛው፣ ለቀኙ የትኛው ይሰጥ የሚለው ለውጥ አያመጣም። እንዲያውም የአንድ ወገን ዝንባሌ ጕዳት አለው፤ አዳኝ እንስሳ ይህን ካወቀ በደካማው ወገን ይመጣል። ታዲያ አብዛኞቹ የአንድ ዝርያ እንስሳት ስለ ምን አንድ ዓይነት ሆኑ?

ስቴፋኖ ጊርላንዳና ጆርጆ ቫሎርቲጋራ እ.ኤ.አ. በ2004 ያቀረቡት የሒሳብ ማብራሪያ መልሱ በማኅበራዊ ኑሮ ውስጥ እንደሚገኝ ያመለክታል። በመንጋ የሚኖር እንስሳ አደጋ ሲመጣ ከጓደኞቹ ጋር ወደ አንድ ወገን መሸሽ ይጠቅመዋል፤ ብቻውን ወደ ሌላ የዞረው ይያዛል። ነገር ግን ሁሉም አንድ ከሆኑ አዳኙ ይለምደዋል፤ ስለዚህ ጥቂቶች የተለዩ ሆነው መቅረታቸውም ጥቅም አለው። በዚህ ሚዛን መሠረት ብዙኃኑና ጥቂቶቹ ጐን ለጐን ይኖራሉ። ጥቂቶቹ የተበላሹ ብዙኃን አይደሉም፤ ሚዛኑ እንዲጸና የሚያደርጉ ናቸው። በትምህርት ቤት ስለ ግራኝ ልጅ ለሚነሣው ጉዳይ ይህ ነጥብ መሠረት ይሆናል።

በጓሮ የሚደረግ ምልከታ

የሳይንስ መምህር ይህን ትምህርት ያለ ላቦራቶሪ ሊያስተምር ይችላል። የሚያስፈልገው ደብተር፣ እርሳስና ትዕግሥት ነው። ተማሪዎች ሦስት ሥራዎች ሊሰጧቸው ይቻላል።

ሀ. ዶሮ ከፊት ለፊቷ ጥቂት ርምጃ ራቅ ብሎ የማታውቀው ዕቃ፣ ለምሳሌ ባለቀለም ጨርቅ የታሰረበት በትር፣ ሲቆም በመጀመሪያ የምታዞረው የትኛውን ዓይን ነው? ግራ፣ ቀኝ ወይም ሁለቱም ተብሎ ይመዘገባል።

ለ. ጠቦት እናቱን ተከትሎ ሲሄድ በየትኛው ጐኗ ነው? ገመድ፣ አጥር ወይም ገደላማ መንገድ ወደ አንድ ወገን የሚያስገድደው ከሆነ አይቈጠርም።

ሐ. ላም የማታውቀው ሰው ፊት ለፊት ሲመጣ ራሷን ወደ የትኛው ወገን ታዞራለች? ዕለት ዕለት የሚያልባትና የሚቀልባት ሰው ሲመጣስ?

በነዚህ ሁሉ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ተመልካቹ ከመሐል ካልመጣ፣ ፀሐይ በአንድ ወገን ካበራች፣ ወይም እንስሳው ከግድግዳ አጠገብ ከሆነ ውጤቱ ይዛባል። አንዷን ዶሮ አሥር ጊዜ መዝግቦ አሥር ዶሮ እንደ ታየ ማስመሰል አይገባም። ግራና ቀኝ የሚባለውም የእንስሳው እንጂ የተመልካቹ አይደለም፤ ፊት ለፊት የቆመ ተማሪ ይህን በቀላሉ ይሳሳታል። የእንስሳውን ዓይን መሸፈን፣ ማስደንገጥ ወይም ማሠቃየት ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ በሥርዓት መመልከት ብቻ ይበቃል።

ውጤቱን መመዘን ደግሞ የሒሳብ ትምህርት ነው። ከ20 ዶሮዎች 12ቱ በግራ ዓይናቸው ቢመለከቱ ተማሪዎች «ዶሮ ግራ ዓይን ትመርጣለች» ለማለት ይቸኵላሉ። ነገር ግን ሳንቲም 20 ጊዜ ቢወረወር 12 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ አንበሳ የሚወጣበት ዕድል ከ100 እጅ 25 ያህል ነው፤ ይኸውም ከአራት ሙከራ በአንዱ እንደ ዘበት ሊገኝ የሚችል ነው። 15 ወይም ከዚያ በላይ የሚወጣበት ዕድል ግን ከ100 እጅ 2 ብቻ ነው። ስለዚህ 12 ምንም አያስረዳም፤ 15 ግን ተጨማሪ ምልከታ እንዲደረግ ይጋብዛል። ተማሪዎች ሳንቲሙን ራሳቸው እየወረወሩ ቢያረጋግጡት በአጋጣሚና በማስረጃ መካከል ያለውን ልዩነት በቃል ከሚማሩት ይልቅ በእጃቸው ይረዱታል። ምልከታው ከተጠበቀው የተለየ ቢሆንም መዝግቦ ማቅረብ እንጂ ማስተካከል አይገባም።

ስለ ተማሪው ምን ይባላል?

ከዚህ ዕውቀት ሁለት የተሳሳቱ መደምደሚያዎች ሊወጡ ይችላሉ።

የመጀመሪያው «የግራ አንጐል ተማሪ» እና «የቀኝ አንጐል ተማሪ» የሚለው አከፋፈል ነው። በዚህ አባባል መሠረት አንዱ ልጅ ለሒሳብ፣ ሌላው ለሥዕልና ለዜማ የተፈጠረ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ የዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዕድሜያቸው ከ7 እስከ 29 ዓመት የሆኑ የ1,011 ሰዎችን የአንጐል ምስል መርምረው፣ አንዳንዱ ተግባር ወደ አንድ ወገን ማዘንበሉን አረጋግጠዋል፤ አንድ ሰው በጠቅላላው በግራ ወይም በቀኝ አንጐሉ የሚያመዝን መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ግን አላገኙም። ሥራው የተከፋፈለው በያንዳንዱ አንጐል ውስጥ ነው እንጂ በተማሪዎች መካከል አይደለም። ጫጩቷ በአንድ ጊዜ ጥሬ ለቅማ ጭልፊትን የምትጠብቀው ሁለቱም ክፍሎች አብረው ስለሚሠሩ ነው። ስለዚህ ልጅን በዚህ ስም መድቦ ከአንዱ ትምህርት ማራቅ በሳይንስ ስም የሚፈጸም በደል ነው።

ሁለተኛው ግራኝ ልጅን ማስገደድ ነው። ከ100 ሰዎች 10 ያህሉ ግራኞች ናቸው፤ 60 ተማሪዎች ባሉበት ክፍል 6 ያህል ሊገኙ ይችላሉ ማለት ነው። የእጅ ዝንባሌ በግትርነት ወይም በመጥፎ ልማድ የሚመጣ አይደለም። በሰሜን አየርላንድ ፒተር ሔፐርና ባልደረቦቹ በማኅፀን ሳሉ አውራ ጣታቸውን ሲጠቡ የታዩ 75 ልጆችን ከ10 እስከ 12 ዓመት ሲሞላቸው መልሰው መረመሩ። ቀኝ ጣታቸውን ይጠቡ የነበሩት 60ዎቹ ሁሉም ቀኝኞች ሆነው ተገኙ፤ ግራውን ይጠቡ ከነበሩት 15 መካከል 10ሩ ግራኞች ነበሩ። ስለዚህ መምህሩ በኃይል ለመለወጥ የሚሞክረው ልጁ ከመወለዱ በፊት የጀመረውን ነገር ነው። ግራኝ ልጅ አንጐሉ ተገልብጧል ማለትም አይደለም፤ ከአሥር ግራኞች ሰባት ያህሉ ቋንቋን የሚያዝዙት እንደ ቀኝኞች በአንጐላቸው ግራ ክፍል ነው።

ለግራኝ ተማሪ የሚያስፈልገው እርዳታ ቀላልና ወጪ የሌለው ነው። ሦስት ተማሪዎች በአንድ ዴስክ በሚቀመጡበት ክፍል ግራኙ በግራው ጫፍ ይቀመጥ፤ መሐል ወይም በቀኝ ጫፍ ከተቀመጠ ክንዱ ከቀኝኙ ጓደኛው ክንድ ጋር ይጋጫል። የአማርኛም ሆነ የጌዴኦኛ ጽሕፈት ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚሄድ የግራኙ እጅ የጻፈውን ይሸፍናል፤ ቀለሙንም ያብሳል። ስለዚህ ደብተሩን የላይ ጫፉ ወደ ቀኝ እንዲያዘነብል አድርጎ እንዲይዝና እርሳሱን ከጫፉ ከፍ አድርጎ እንዲጨብጥ ማስተማር ይገባል። በማዕድ ላይ የሚጠበቀውን ሥርዓት ቤተሰቡ ያስተምረው፤ የጽሕፈት እጁ ግን ለልጁ ይተው።

ማጠቃለያ

እንስሳት እርስ በርሳቸው ሲተያዩ ግራና ቀኛቸውን ለተለያየ ተግባር ይጠቀማሉ። ከጫጩት እስከ ጭላዳ በታዩት ብዙ እንስሳት የአንጐል ቀኝ ክፍል ወዳጅን፣ ባዕድንና አስጊን በመለየት ያመዝናል፤ ግራው ክፍል የተለመደውን ነገር በመመደብና ምግብን በመለየት ያመዝናል። ይህ ዝንባሌ እንጂ ሕግ አይደለም፤ በየዝርያው ጥቂቶች ተቃራኒውን ይይዛሉ፤ እነርሱም የተፈጥሮው ሥርዓት አካል ናቸው።

በይርጋጨፌና በመላው ጌዴኦ የሚገኙ መምህራን ይህን ትምህርት በሩቅ አገር ሥዕል ሳይሆን በደጃቸው ባለችው ዶሮና በታሰረው በግ ሊያስተምሩት ይችላሉ። ተማሪው በመጀመሪያ የእንስሳውን ግራና ቀኝ ከራሱ ግራና ቀኝ መለየትን፣ ከዚያም አጋጣሚን ከማስረጃ መለየትን ይማራል። መምህሩም በበኩሉ ነገ ጠዋት ክፍል ሲገባ በግራ እጁ የሚጽፈው ልጅ የት እንደ ተቀመጠ ይመልከት፤ በመሐል ተጨናንቆ ካገኘውም ወደ ግራው ጫፍ ያዛውረው።